ግማሽ የገባች ኳስ፦ የግላይደር ወርክሾፕ ማስታወሻ

ኖቬምበር፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ግላይደሮቹ፣ ሞተር የሌላቸው አውሮፕላኖቻችን፣ ተፈትተው ወርክሾፕ ገብተዋል። እስከ ማርች መጨረሻ በረራ የለም። ጀርመን አገር የግላይደር ክለብ አባል የሆነ ሰው ብርዱን የሚያሳልፈው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግና ግራሶ ሲቀባ ነው። የሠራኸው ሰዓት ይመዘገባል፣ የጎደለውን በዩሮ ትከፍላለህ። እኔ ዘንድሮ ክንፍ መፈግፈጉን ለሌሎች ትቼ አንድ የራሴን ጣጣ ልሠራ ነው።

ጣጣው የመጣው በሴፕቴምበር ነው። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የ1970ዎቹ ፋይበርግላስ ግላይደር አለችን። ከተጎታቿ አውጥተን ስንገጥማት የጅራቷን ማያያዣ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የዘንጉን ኳስ ማያያዣው ውስጥ አስገባሁ። ቀጭ ስትል ሰማሁ። ማያያዣው እንዳይከፈት የሚሰካውን መርፌ ቁልፍ ከኪሴ ላወጣ ስል አንዱ "ኧረ ተጎታቹ እየተንሸራተተ ነው፣ ያዝልኝ!" ብሎ ጮኸ። ሮጥኩ። ስመለስ ጅራቱ ላይ፣ ገጥመን ስንጨርስ ክፍተቱን የምንሸፍንበት ነጩ ቴፕ ተለጥፏል። ቴፕ ካለ አልቋል ብዬ አለፍኩ። ቴፑን የለጠፈው ልጅ ደግሞ እኔ ጨርሼ የሄድኩ መስሎታል።

ኮክፒት፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ገብቼ ስቲኩን (መሪ ዱላውን) ወደፊት ወደኋላ አደረግኩ። ኤሌቬተሩ፣ አፍንጫዋን ሽቅብ ቁልቁል የሚያደርገው የጅራቷ ክፍል፣ ወረደ፣ ወጣ። ሰላም ነው። ከዚያ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ኤሌቬተሩን በሁለት መዳፏ ያዘችና "አሁን ግፋ" አለችኝ። ገፋሁ። ቷ አለ። ስቲኩ ወደፊት ሄደ፣ ኤሌቬተሩ እሷ እጅ ላይ ቀረ።

ዊንቹ ጋ ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ነበር የቀረው። ዊንች ማለት መሬት ላይ ቆሞ ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ነው። ግላይደሯን እንደ ወረቀት ካይት ሽቅብ ይጎትታታል፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 400 ሜትር ገደማ ያደርሳታል። ገና 50 ሜትር ላይ እያለህ ኤሌቬተር ቢለይህ ፓራሹትህ ጌጥ ነው።

ኖቬምበር፣ ሁለተኛው ቅዳሜ

ይህን ለአገር ቤት ሰው ስነግር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "አውሮፕላን እንዴት ሳይገጠም ይበራል?" ብለው ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ማታ ማታ ክንፉ ተፈትቶ አያድርም። ግላይደር ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚያድረው፣ በመኪና በሚጎተት ረጅም ሣጥን ውስጥ። ጠዋት ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ይገጥማታል። ክንፎቹ በትልልቅ ፒን ይያዛሉ፣ እሱን ማንም አይረሳም፣ ክንፍ ከሌለ ያስታውቃላ። ችግሩ ውስጥ ያሉት ዘንጎች ናቸው። ስቲኩን ከኤለሮንና ከኤሌቬተር፣ ሰማያዊውን እጀታ ከኤርብሬክ የሚያገናኙት ዘንጎች ተለያይተው ነው የሚያድሩት። ኤለሮን የክንፉ ጠርዝ ላይ ሆኖ ግላይደሯን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብላት ነው፣ ኤርብሬክ ደግሞ ከክንፉ ብቅ ብሎ ለማረፍ ቁልቁል የሚያወርዳት። አዳዲስ ግላይደሮች ላይ ክንፉ ሲገባ ዘንጉም ራሱ ይገናኛል። አሮጌዎቹ ላይ እጅህን በጠባብ ቀዳዳ ከትተህ አንድ በአንድ ታያይዛለህ።

የኛ ማያያዣ ሎቴሊዬ የሚባለው ነው። በአንደኛው ዘንግ ጫፍ ላይ የብረት ኳስ አለ። በሌላኛው ጫፍ ኳሷን የሚውጥ ጎድጓዳ ብረት አለ። ጎድጓዳው ውስጥ በሞላ የሚገፋ ሽብልቅ አለ። ሽብልቁን በጣትህ ትጫናለህ፣ ኳሷን ታስገባለህ፣ ትለቃለህ። ኳሷ በደንብ ከገባች ሽብልቁ ከኋላዋ ይመለስና ይቆልፍባታል። ያኔ ሽብልቁ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ብቅ ትላለች። መርፌ ቁልፉ የሚገባው በሷ ነው። ኳሷ ግማሽ ከሆነች ሽብልቁ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ መርፌውም አይገባም። ስለዚህ መርፌው ሁለት ሥራ አለው፤ ሽብልቁ እንዳይከፈት ይይዛል፣ ኳሷ መግባቷንም ይመሰክራል። እኔ የዘለልኩት ምስክሩን ነው።

ሐሳቤ የልምምድ ሰሌዳ መሥራት ነው። ሰው በእውነተኛዋ ግላይደር ላይ ከመሳሳቱ በፊት ሰሌዳ ላይ ይሳሳት።

ዕቃ፦ ከዓመታት በፊት ተሰብራ ከሥራ የወጣች ግላይደር ቀፎ ጥግ ላይ አለች። የክለባችን የጥገና ተቆጣጣሪ አራት ማያያዣ እንድፈታ ፈቀዱልኝ፣ ግን ወዲያው ቀይ ቀለም እንድቀባቸው አዘዙ። ተሳስቶ የሆነ ሰው እንደ መለዋወጫ እንዳያነሳቸው ነው። ፕላይውድ 31 ዩሮ። አሉሚኒየም ቱቦ 24 ዩሮ። ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ 8 ዩሮ ከ50። ማጠፊያ 6 ዩሮ።

ኖቬምበር፣ አራተኛው ቅዳሜ

ሰሌዳው ቆመ። በአንድ በኩል ዱላ፣ በሌላው በኩል ከፕላይውድ የተቆረጠ የውሸት ኤሌቬተር፣ መሀሉ ላይ ሎቴሊዬ። ኮራሁበት። አሮጌው አስተማሪያችን መጡና አዩት። (እዚህ ክለብ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም አንተ ነው የሚባባለው። ሰውየው ግን 74 ዓመታቸው ነው፣ በአማርኛ አንተ ልላቸው እጄ እምቢ አለኝ።) "ቆንጆ ነው" አሉ፣ "ግን በደረት ከፍታ፣ በመብራት፣ በሁለት እጅ ነው የምታያይዘው። ግላይደር ላይ ይህን የት አየኸው?"

እውነታቸውን ነው። ግላይደሯ ላይ በአንድ እጅ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ሳታይ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ማያያዣዎቹን በሣጥን ከደንኳቸው፣ ጎኑ ላይ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ በሊማ ሞረድኩ። ተጨማሪ 12 ዩሮና አንድ የተላጠ አውራ ጣት። አሁን ወገብ ያማል። ወገብ ካላመመ ልምምድ አይደለም።

ዲሴምበር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሁለት ሐሳብ ሞከርኩ፣ ሁለቱም ወደቁ።

አንደኛው ቀይ ሪባን ነው። መርፌ ቁልፍ ያልገባበት ማያያዣ ላይ ሪባን ታስሮ ይቆይ፣ መርፌው ሲገባ ይፈታ። ተቆጣጣሪው ገና ሳልጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመሪ ዘንጎች በሚያልፉበት ቦታ የተረሳ ጨርቅ ዘንግ ሊይዝ ይችላል። አደጋ ልከላከል ብዬ ሌላ አደጋ ልከት ነበር። ቀፎው ውስጥ የሚገባው የግላይደሯ የሆነ ዕቃ ብቻ ነው፣ አለቀ።

ሁለተኛው የእንጨት ጉማጅ ነው። አምስት ቀዳዳ በትራፓኖ በሳሁበት፣ አምስቱ መርፌ ቁልፎች እዚያ ያድራሉ። ስትገጥም ከጉማጁ እየነቀልክ ማያያዣው ላይ ትሰካለህ። ጉማጁ ባዶ ከሆነ ሁሉም ተሰክቷል። በጣም ቀላል! በጣም ስለወደድኩት ቫርኒሽ ቀባሁት። በማግሥቱ አንድ ልጅ በሰሌዳው ላይ ሲለማመድ አንዷ መርፌ ከእጁ ወደቀችና መሬት ላይ ቀረች። ጉማጁ ባዶ፣ ማያያዣው ባዶ። ጉማጁ የሚነግረኝ መርፌዋ ከሱ መውጣቷን ነው እንጂ የት እንደገባች አይደለም። አሁን ማደሪያ ብቻ ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም። ቫርኒሹ ግን ያምራል።

በዚሁ ሳምንት የእውነተኛዋን ግላይደር ማያያዣዎች ጠራርጌ ግራሶ ቀባሁ። ደህና አድርጌ።

ዲሴምበር፣ ሦስተኛው ቅዳሜ

የዛሬው ዋና ነገር ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው።

ኳሷን ሆን ብዬ ግማሽ አስገባሁና ሣጥኑን ከደንኩት። ለመጡት ዘጠኝ ሰዎች "ዱላውን አንቀሳቅሱ፣ ደህና ነው ወይ?" አልኳቸው። ሰባቱ ደህና ነው አሉ። አልፈርድባቸውም። ዱላው ይሄዳል፣ ኤሌቬተሩ ይከተላል፣ ምንም የሚይዝ ነገር የለም። መሬት ላይ ቆሞ ኤሌቬተር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል ትንሽ ነው። ለዚያች ትንሽ ኃይል ግማሽ ኳስ ትበቃለች። እንዲያውም ጨርሶ ያልተያያዘ ዘንግ ከኮክፒት ሲታይ ከሁሉ ይበልጥ "ነፃ" ነው! በእንቅስቃሴ ብቻ የሚፈትሽ ሰው የተፈታውን ዘንግ ከተገጠመው አስበልጦ ሊያመሰግነው ይችላል።

ቀጥሎ ጭነት። ኃይል የሚለካ መሣሪያ ልገዛ ኢንተርኔት ላይ ሳየው ውድ ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ሐበሻ ቤት የማይጠፋ ዕቃ አለ፤ የሻንጣ ሚዛን። አገር ቤት ስሄድ 23 ኪሎ እንዳታልፍ የምጨነቅባት ሚዛን ይኸው ለቁም ነገር በቃች። ኤሌቬተሩን አሰርኩት፣ በሚዛኑ በኩል ዱላውን ሳብኩ። መጀመሪያ ሲሞከር 7 ኪሎ ላይ ቷ ብሎ ተፈታ። ጥሩ፣ በጭነት ይያዛል ማለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ለማረጋገጥ ደገምኩት። ሁለተኛው 9 ኪሎ። ሦስተኛው 15 አልፎም አልተፈታም። ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ የለም። ትቼው ሻይ ልጠጣ ስነሳ ሰሌዳውን በጉልበቴ ገጨሁትና ራሱ ተፈታ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በጭነት መፈተሽ ከእንቅስቃሴ ፈተና እጅግ ይሻላል፣ ሴፕቴምበር ላይ ያዳነኝም እሱ ነው። ግን ግማሽ የገባች ኳስ አንዳንዴ ፈተናውን አልፋ አየር ላይ ንዝረት ሲመጣ ልትፈታ ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ መርፌው በምስክር ቀዳዳው ማለፉ በዓይን ወይም በጣት ይረጋገጣል፣ ከዚያ ጭነቱ። መርፌ ቢኖርም ጭነቱ አይቀርም። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን በሚያልፉበት አሮጌ ግላይደር ላይ መርፌው በትክክል የገባበት ማያያዣ ራሱ የተሳሳተው ሊሆን ይችላላ።

መርፌውን የሚተካ ዌዴኪንድ የሚባል ቀለበት እንዳለም ተነጋገርን። ማያያዣው ላይ የሚንሸራተት እጅጌ ነገር ነው፣ ሽብልቁ እንዳይጫን ራሱ ይሸፍነዋል። የሚረሳ መርፌ አይኖርም። ተቆጣጣሪው ለአሮጌዋ የሚሆነውንና ወረቀቱን አይተው ይነግሩኛል።

ጃንዋሪ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ

ከአንድ አባል ጋር ተከራከርን። "እኛ አማተር ስለሆንን ነው፣ ባለሙያ እንዲህ አይሳሳትም" አለኝ። አባባሉ ስላልተዋጠልኝ ማታ ማታ የአደጋ ታሪክ ሳነብ ከረምኩ።

የእንግሊዙን ላንካስተር ቦምብ ጣይ የነደፉት ሮይ ቻድዊክ የሞቱት ኦገስት 23፣ 1947 ዉድፎርድ ላይ ነው። የተሳፈሩበት አቭሮ ቱዶር ገና እንደተነሳ ወደቀ። የኤለሮኑ ገመዶች ተገላብጠው ነበር የተገጠሙት። በ2001 ፍራንክፈርት ላይ አንድ ኤርባስ ኤ320 ከጥገና ወጥቶ ሲነሳ የካፒቴኑ ስቲክ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ነበር። የክንፉ ጫፍ መሬት ሊነካ ሲል ረዳት አብራሪው በራሱ ስቲክ ተረክቦ አዳነው። በኖቬምበር 2018 ደግሞ የካዛኪስታኑ ኤር አስታና ኤምብራየር አውሮፕላን ፖርቱጋል ውስጥ ከተሠራለት ከባድ ጥገና በኋላ የኤለሮን ገመዶቹ ተገላብጠው ተነሳ። ስድስት ሰዎች ነበሩበት። ከብዙ መንገላታት በኋላ ቤጃ ላይ በሦስተኛው ሙከራ አረፈ።

ሦስቱም ላይ ምንም የተፈታ ነገር የለም። ሁሉም ተያይዟል፣ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ አቅጣጫው ብቻ ነው ስህተት። ሰሌዳዬን አየሁት። አቅጣጫን በጭራሽ አይፈትንም! ደግሞ እኛም ኤለሮን ዘንግ ፈትተን የምንገጥመው በነዚህ የብርድ ወራት ነው። ይኸው ጥገና ላይ ነን።

ስለዚህ ለሰሌዳው ሌላ ቀዳዳ በስቼ ዘንጉን ገልብጦ የሚገጥም ሁለተኛ ክንድ ጨመርኩ። 4 ዩሮ። አሁን ተለማማጁ "ተንቀሳቀሰ" ካለ አይበቃም። "ስቲክ ግራ፣ የግራው ኤለሮን ላይ፣ የቀኙ ታች" ብሎ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። መጀመሪያ ሲናገሩ ያፍራሉ። ያልፋል።

ፌብሩዋሪ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

የማረጋገጫ ካርድ ጻፍኩ። 23 መስመር ሆነ። አሮጌው አስተማሪ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና "ይህን ዝናብ ሊመጣ ሲል ማን ያነበዋል?" አሉ። አወረድኩት፣ 14። አሁንም አወረድኩት፣ 7። የክንፍ ፒን፣ የኤለሮን ግራ ቀኝ፣ የኤርብሬክ ግራ ቀኝ፣ የጅራት ቡሎን፣ ኤሌቬተር፣ አቅጣጫ፣ ጭነት። ሌላው የግላይደሯ መመሪያ ላይ አለ።

ከካርዱ ይልቅ የተከራከርንበት ቴፑ ነው። እኔን ያሳሳተኝ ቴፕ ነበር። ቴፕ አየር እንዳያፈስ ክፍተቱን ይሸፍናል፣ ግን ሰው እንደ ፊርማ ነው የሚያየው። የወሰንነው፦ የቴፑ ጥቅል የሚሆነው ገጣጣሚው ጋ ሳይሆን ፈታሹ ጋ ነው። ፈታሹ ደግሞ ስትገጠም እጁን ያላስገባ ሰው። አንዲት ክዳን ካልታየች ቴፕ የለም።

ሌላው ማቋረጥ ነው። እየገጠመ ያለን ሰው ማናገር ክልክል። ስልክ መኪና ውስጥ። የግድ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከመስመር አንድ ይጀምራል። ይህኛው ላይ ብዙ አጉረመረሙ። ተጎታች ቢንሸራተትስ? ይንሸራተታ፣ ተጎታች ይጠገናል። (ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተጎታቹን ሮጬ የያዝኩት ሰውዬ።)

ማርች፣ ሁለተኛው ቅዳሜ

በእውነተኛዋ ግላይደር ላይ አንድ ማያያዣ ደብቄ ግማሽ ላድርግና ማን እንደሚያገኘው ልይ ብዬ ነበር። ተቆጣጣሪው ቆጣ አሉ። ስህተት የሚተከለው ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው፣ በምትበር ነገር ላይ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አይደረግም። የተከለው ሰው ቢጠራስ? ዝም አልኩ። በሴፕቴምበር የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ያለ ወጥመድ ተለማመድን። የጭነቱ ፈተና ራሱ ትምህርት የሚፈልግ ሆኖ አገኘሁት። ብዙዎቹ ኤሌቬተሩን "ያዝኩ" ይላሉ፣ እጃቸው ግን አብሮ ይሄዳል። መከተል መያዝ አይደለም። ሌሎቹ ደግሞ የኋላ ጠርዙን በጣት ጨምድደው ይይዛሉ፣ ጠርዙ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል። መዳፍን ዘርግቶ፣ ወደ ዘንጉ መግቢያ ጠጋ ብሎ ነው። ኮክፒት ያለው ቀስ ብሎ ኃይል ይጨምራል፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ሳይመነጭቅ። ኤርብሬክ ላይ ደግሞ አንድ ረዳት በየክንፉ ይቆማል። እጀታው ሲቆለፍ ጠንከር ያለ ጡጫ አለው። ጡጫው ከወትሮው ከላላ አንደኛው ወገን ላይያያዝ ይችላል።

ያቺ የ16 ዓመት ልጅ ከሁላችን ትሻላለች። የት እንደተማረችው ጠየቅኳት። የመጀመሪያ ቀን የያዛት አስተማሪ እንዲህ ያዢ ብሏት ነው፣ አለቀ። እኔ ስጀምር ያሳየኝ ሰው "ሲንቀሳቀስ እየው" ነበር ያለኝ።

ኤፕሪል፣ የመጀመሪያው እሑድ

የመጀመሪያ የበረራ ቀን። ጠዋት 3 ዲግሪ፣ ሣሩ ርጥብ። አሮጌዋን ገጠምናት። ኤለሮኖቹን እኔ አያያዝኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። ፈታሿ ልጅቷ ነበረች፣ ቴፑ ክንዷ ላይ እንደ አምባር ተንጠልጥሏል።

"የግራው መርፌ ዳር ላይ ነው ያለው፣ አላለፈም" አለች።

አልፏል አልኳት። ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። እሷ አልተከራከረችም፣ ባትሪውን ሰጠችኝ። አየሁ። መርፌው በቀዳዳው አላለፈም፣ ጎኑ ላይ ነው የተጠጋው። ሽብልቁ ግማሽ ላይ ቆሟል። ፈታሁት። የሽብልቁ መንገድ በግራሶ ተደፍኗል፣ ብርዱ እንደ ሻማ አድርቆታል። የዲሴምበሩ የኔ ግራሶ ነው፣ ያ "ደህና አድርጌ" የቀባሁት።

በጨርቅና በብሩሽ አወጣሁት፣ ሞላው መመለሱን አሥር ጊዜ በጣቴ ሞከርኩ። ቀኙንም ከፈትኩት፣ እሱም ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ከመስመር አንድ ጀመርን። መርፌ፣ አቅጣጫ፣ ጭነት። ከዚያ ቴፕ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። 11 ደቂቃ፣ ምንም የሚያነሳ አየር የለም፣ ወረድኩ።

እስካሁን የወጣ፦ 85 ዩሮ ከ50፣ ሚዛኑን ሳይጨምር። የሚገዛ፦ ሁለተኛ የእጅ ባትሪ፣ ቀጭን ብሩሽ። ግራሶ አለ፣ ከበቂ በላይ።